ዱቄት መሆን የነበረበት ድንጋይ

አለቃው ሲሞት ሻዩ ገና አልበረደም ነበር። አያትን ከሁሉ አስቀድሞ ያስደነገጣቸው ይኸው ነው፤ የሰውየው መሞት ሳይሆን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበላቸውና፣ የሻዩ አለመብረድ። ያፈሉት እሳቸው ናቸው። ፔርሙሱን ከድነው «አድርሽለት፣ ጉሮሮው ደርቋል» ብለው በልጅ ልጃቸው እጅ የላኩትም እሳቸው ናቸው።

ወሬውን ያመጣው ድንጋይ ቆራጩ ነበር። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በነጭ አቧራ ተለውሶ፣ ዱቄት ውስጥ የወደቀ ድመት መስሎ በራቸው ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ሕፃኑን እንደያዙ እዚሁ ይቆዩ። እሷ አሁን መምጣት አትችልም።»

«ምን ሆነች ልጄ? ተናገር እንጂ!»

«እሷ ደህና ናት። አለቃው ነው። ናሙና ቤት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከአፉ አረፋ… ይተዉት። አጠገቡ የሚጠጣ ነገር ሻይ ብቻ ነው ያለው። ዘበኞቹ እሷን ይዘዋታል።»

አያት የሰሙት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ሕፃኑን ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዛንፈው ሮጡ።

የልጅ ልጃቸው ጂኦሎጂስት ናት። ከኮረብታው ሥር በቆርቆሮ ቤቶች የተሠራው የማዕድን አሰሳ ሰፈር የሥራ ቦታዋ ነው፤ አያት ደግሞ ከወሊድ ፈቃዷ ስትመለስ ማሙሽን ሊይዙላት አብረዋት መጡ። ባሏ ሥራው ሩቅ ነው። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ «እማዬ» ነው የምትላቸው። በዚያ ሰፈር የሚፈሩት ብዙ ነበር፤ የመቆፈሪያው ጩኸት የሕፃኑን ጆሮ እንዳያደነቁረው፣ አቧራው ሳንባው እንዳይገባ፣ ልጅቷ ድንጋይ ላይ አፍጥጣ ምሳዋን እንዳትረሳ። ሰው ይገደላል ብለው ግን ፈርተው አያውቁም። ያን ሁሉ ፈርተው ይህችን መዝለላቸው የራሳቸው ጥፋት መስሎ ታያቸው።

የሰፈሩን ሥራ ልጅቷ አንድ ቀን እንዲህ ብላ አስረድታቸው ነበር፦ «ግራናይት የሚባለው ድንጋይ ከመሬት በታች ቀልጦ ሳለ እንደ ድግስ ቤት ነው፣ እማዬ። ሲቀዘቅዝ ማዕድኑ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ቦታ ያጡት፣ ማንም አላስጠጋ ያላቸው ብረቶች መጨረሻ በቀረው ጭማቂ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ያ ጭማቂ ስንጥቅ አግኝቶ ሲረጋ ትልልቅ ፈርጥ ያለው ነጭ ድንጋይ ይሆናል፤ ፔግማታይት ነው ስሙ። ታንታለም የሚባለው ውድ ብረት እንደ ጥቁር ጥርስ ተሰክቶ የሚገኘው እዚያ ነው። ሊቲየሙ ደግሞ እንደ ወረቀት በሚላጠው ሐምራዊ ሚካ ውስጥ።»

አያትም «አዬ ልጄ፣ የተገፋ ሁሉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ነዋ ዋጋ የሚያወጣው» ብለው ስቀው ነበር።

ዛሬ ሳቅ የለም።

መርማሪዋ ከከተማ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ አንድ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ከመኪናው ስትወርድ «እፎይ» ከማለት በቀር ለማንም ምንም አላለችም። ቆፋሪው፣ ያ ድምፁ ከማሽኑ የሚበልጠው ግዙፍ ሰው፣ አንሾካሾክሁ ብሎ ሁሉም እስኪሰማው ድረስ፣

«እቺ ናት ነፍሰ ገዳይ የምታሳድደው? ኤሊም ታመልጣታለች» አለ።

መርማሪዋ ዘወር አለች። «ኤሊ አላሳድድም፣ ወንድሜ። ባለችበት ስለምትቆይ ሄጄ አነሳታለሁ።»

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ጨርሷል። መርዝ ነው፣ የምስጥ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም አለ። የናሙና ሣጥኖቹ የእንጨት ስለሆኑ ምስጥ እንዳይበላቸው ይቀባሉ። በርሜሉ ንብረት ክፍል ይቀመጥ እንጂ በየቆርቆሮው እየተቀዳ ለሁሉም ይታደላል፤ ለቆፋሪውም፣ ለቆራጩም፣ ለልጅቷም።

ናሙና ቤቱ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። መቆፈሪያው ከመሬት ሆድ የሚያወጣው ድንጋይ እንደ ወፍራም ሻማ ድቡልቡል ነው፤ በመጋዝ ቁመቱን ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ በሣጥን ውስጥ፣ የተቆረጠው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ እንደ ጥልቀቱ ተራ ይደረደራል። አለቃው የሞተበት ወንበር ፊት አንድ ሣጥን ተከፍቷል። ከሣጥኑ አጠገብ ሲኒው፣ ከሲኒው አጠገብ ፔርሙሱ አለ።

ዘበኛው አያትን «ውጡ» ቢላቸው «አልወጣም! ከፈለግህ ከነልጁ ተሸክመህ አውጣኝ» አሉ። መርማሪዋ ሳትዞር «ይቁሙ፤ ግን ምንም እንዳይነኩ» አለች።

ጎንበስ ብላ ሲኒውን ለረጅም ጊዜ አየች። ሁለት ዝንቦች አፉ ላይ እየተሽቀዳደሙ ይዞራሉ። ቀጥሎ ሣጥኑን አየች። ድንጋዮቹ ሁሉ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን አውራ ጣት የሚያህል ንጹሕ ቦታ አለ። አንዱ ድንጋይ፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ጥርስ ያለበት፣ አቧራ የሚባል ነገር አልነካውም። ዙሪያውን ጥቂት ዝንቦች እግራቸውን ሰቅለው ተዘርረዋል።

«ይሄ ሰውዬ ድንጋይ ይልስ ነበር እንዴ?» አለች።

ቆፋሪው ከበሩ ሆኖ መለሰ። «በሬ ጨው እንደሚልስ! ድንጋይ ሲረጥብ ቀለሙ ይወጣል። ሌላው ውኃ ይረጫል፤ እሱ ግን ምላሱን ነበር የሚያምነው። ‹ውኃ የሚረጭ ምላስ የሌለው ነው› ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«መራራ ቢሆንስ አይታወቀውም?»

ይህን ጊዜ አያት ሳያስቡት ገቡበት። «ምን ይታወቀዋል! ካለፈው ጉንፋን ወዲህ አፍንጫውም ምላሱም ሞቷል። ባለፈው ቤታችን ተቀምጦ ወተት አርሮ ግቢው ሁሉ ሲሸት፣ እሱ ‹ምን ሆናችሁ ትሯሯጣላችሁ› ይለናል።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ጓንት አጠለቀችና ያን አቧራ የሌለውን ድንጋይ አነሳች። ገልብጣ ክቡን ሆዱን አየች። የጎረቤቱንም አነሳች፣ ሆዱን አየች። ሦስተኛውንም። ሁሉንም በቦታቸው መለሰች።

አያት ግን መጠበቁን አልቻሉትም። «የኔ እመቤት፣ ሻዩን ስጡኝ። አሁኑኑ፣ በፊታችሁ ልጠጣው! ካልሞትኩ ልጄን ትለቁልኛላችሁ።»

«እማማ» አለች መርማሪዋ በለዘበ ድምፅ፣ «ልጅ አዝለዋል እኮ።»

ልጅቷን ያነጋገረቻት እዚያው ቢሮዋ ውስጥ ነው። አያት በሩ ላይ ተቀምጠው ማሙሽን ያባብላሉ፤ ጆሯቸው ግን ውስጥ ነው።

«ትናንት ከአለቃሽ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ራት ላይ ሁሉም ሰምቶናል» አለች ልጅቷ። «እኔ ከዚህ ጉድጓድ የወጣውን ድንጋይ ሳየው ታንታለሙ በዓይን ይታያል። ላቦራቶሪው ደግሞ ምንም የለበትም አለ። ጮኸብኝ። ‹ወይ ዓይንሽ ተበላሽቷል ወይ ፈጥረሽ ጽፈሻል፤ በአንቺ የተነሳ ሰፈሩ ሊዘጋ ነው› አለኝ። በኋላ ግን ‹እሺ፣ ነገ ከጥቁሩ ድንጋይ ሣጥን ጀምሬ ራሴ አየዋለሁ› አለ።»

«ሊያባርርሽ የነበረ ሰው ሞተልሽ።»

«ሞተብኝ ይበሉ!» አለች ልጅቷ። «ትክክል መሆኔን በዓይኑ አይቶ የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነበር። እሱን ገድዬ ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ቀጠለች። «እስቲ የአንድን ድንጋይ መንገድ ንገሪኝ። ከመሬት ጀምረሽ።»

«ቆፋሪው ያወጣዋል። እኔ ቁመቱን ሙሉ ሰማያዊ መስመር አሰምርበታለሁ። ቆራጩ ከመስመሩ ጎን ይሰነጥቀዋል። ግማሹ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፣ ግማሹን ከረጢት ከትቼ አስራለሁ። ከረጢቱን ጋሼ ባለቁልፉ በመኪና ወደ ላቦራቶሪ ይወስደዋል። እዚያ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ የሚመረመረው ዱቄቱ ነው።»

«ከረጢት የገባ ድንጋይ ተመልሶ ይመጣል?»

«ዱቄት ምን ተመልሶ ይመጣል?»

ባለቁልፉ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ስለማይጠፋ ከዚያ ሌላ መጠሪያ የለውም። ለስላሳ፣ ረጋ ያለ፣ ከከተማ ሲመለስ እጁ ባዶ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለማሙሽ የዱቄት ወተት፣ ለአያት የዓይን ጠብታ። አያት በሰፈሩ «ወንድ ልጅ ቢኖረኝ» ብለው የሚመኙት እሱን ነው።

መርማሪዋ ስትጠይቀው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እኔ ድንጋይ አላውቅም፣ እመቤቴ። ከረጢት ተጭኗል፣ ከረጢት ወርዷል፣ አለቀ። ጠዋት ናሙና ቤቱን ከፍቼ አስጠረግሁ፤ ከዚያ ቆፋሪው ሣጥን አስገባ፣ ቆራጩ ገባ፣ እሷ ሻይ ይዛ ገባች። እባክዎ ግን እሷን አያስጨንቋት። ልጅ ናት፤ ሰው ሲናደድ የሚያደርገውን አያውቅም።»

አያት በመጀመሪያ «ተባረክ» ሊሉት ነበር። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ቆመ። ሰው ሲናደድ የሚያደርገውን አያውቅም… ይህ ምልጃ ነው ወይስ ምስክርነት?

ቆፋሪው በበኩሉ መጠየቁን እንደ ስድብ ቆጠረው። «ሰፈሩ ቢዘጋ ማሽኔ ሥራ ይፈታል፣ አዎ ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼ ሰው የምገድል ቢሆን ግን እዚህ ሰፈር በሕይወት ያለ ሰው አይገኝም ነበር! እዚህ መፈለግዎ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

ቆራጩ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ገባ። መርማሪዋ ወንበር ሳበችለት።

«ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሲኒ ክቦች አሉ፤ ሲኒው ግን አንድ ነው። ሁለተኛው የማን ነው?»

ዝም።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ነው? እኔ ማወቅ የምፈልገው ደግሞ ስለ ዝንብ ነው።»

«ጠጥቻለሁ» አለ ቆራጩ በመጨረሻ። «ከእሱ በፊት ከዚያው ፔርሙስ ቀዳሁ፣ ሲኒዬን አጥቤ መለስሁ። ሲሞት ፈራሁ። ‹አንተ ጠጥተህ እንዴት አልሞትክም? መርዙን በኋላ የጨመርከው አንተ ነህ› እንዳይሉኝ።»

«እና አንዲት እናት ጠዋቱን ሙሉ በሻይ ስትቃጠል አየሃት?»

ቆራጩ ወደ በሩ አየ። አያት እያለቀሱ ነበር፤ ግን ስለ ተቆጡ አልነበረም። ሻያቸው ሰው አልገደለም።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ማሙሽ ከጀርባቸው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ሲንፏቀቅ፣ ድዱን የሚያክክበትን ድንጋይ፣ እናቱ በሌለችበት እንደ ልማዱ፣ አፉ ውስጥ ጨምሮ ያኝካል። ሐምራዊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንድ ጎኑ በቢላ እንደተቆረጠ ሳሙና ልሙጥ የሆነ ድንጋይ ነው። መርማሪዋ ጉልበቷን እያመማት በርከክ ብላ ከእጁ ወሰደችው። ሕፃኑ ጮኸ።

«ውብ ነው። ከየት አገኙት?»

አያት ደነገጡ። የሰፈሩ ድንጋይ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ እገሌ ሰጠኝ ቢሉ ያን ደግ ሰው ከእንጀራው ያፈናቅሉታል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ልጅቷ ሰረቀች ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ውሸት ትቀላለች።

«ከመንገድ ነው ያነሳሁት» አሉ። «ድዱን ሲበላው ይቀዘቅዝለታል ብዬ።»

መርማሪዋ ድንጋዩን አገላብጣ አየች፤ ክቡንም ጎን፣ ልሙጡንም ጎን። ከዚያም አያትን አየቻቸው። አስተያየቷ ከስድብ ይልቅ ከበዳቸው፤ አዘነችላቸው እንጂ አልተቆጣቻቸውም።

«ማሙሽ አፉ ውስጥ ከእንግዲህ እንዳያስገባው። ኪስዎ ውስጥ ይቆይ፣ እማማ። ነገ ጠዋት ይዘውት ይምጡ።»

ያን ሌሊት አያት አልተኙም። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ድንጋይ የእሳት ፍም መሰላቸው። ልጅቷ በዘበኛ እየተጠበቀች ማሙሽን አጠባች፤ ጡቷን ከአፉ ስታወጣ «እማዬ፣ ቢወስዱኝ የላም ወተት አይስማማውም፣ አደራ» አለቻቸው። አያት «ዝም በይ! ማን አባቱ ይወስድሻል» አሉ። ለማን እንደተቆጡ ግን ራሳቸውም አላወቁም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ናሙና ቤት ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ቆራጩን ቀደም ብላ አዲስ ድንጋዮች አስሰንጥቃ ነበር፤ ሁለት ሁለት ግማሾቹ የተቆረጠ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ሣጥን አለ።

«ሁላችሁም ወደ ግድግዳው ዙሩ፤ ስጠራችሁ አንድ በአንድ ትመጣላችሁ» አለች። «ከሁለቱ ግማሾች አንዱን ሣጥን ውስጥ አስቀምጡልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«እንደ ተማሪ ቤት!» አለ ቆፋሪው ወደ ግድግዳው እየዞረ። «ያጠፋ ይንበረከካል?»

«ያጠፋ ይነሳል» አለች መርማሪዋ።

መጀመሪያ ቆራጩ መጣ። ድንጋዩን አነሳ፣ ገለበጠ፣ ሆዱን አየ፣ መለሰና ሌላኛውን አስቀመጠ። ቆፋሪው እያጉረመረመም ቢሆን እንደዚያው ገለበጠ። ልጅቷም ገለበጠች። ባለቁልፉ መጣ፣ የቀረበውን አነሳ፣ ሳይገለብጥ ሣጥኑ ውስጥ አጋደመው።

«አሁን ዙሩና ተቀመጡ» አለች መርማሪዋ። እሷም ጉልበቷን ዘርግታ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሻዩን እንርሳው። ቆራጩ ጠጥቶታል፣ ዝንቦቹም ጠጥተውታል፤ ሁሉም ደህና ናቸው። የሞቱት ዝንቦች እዚህ ድንጋይ አጠገብ ነበሩ። ሰውየው የሞተው በሥራ ልማዱ ነው፤ ድንጋይ ይልሳል፣ መራራና ጣፋጭ አይለይም። ይህን ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ከትናንት በስቲያ ማታ ራት ላይ ከየትኛው ሣጥን እንደሚጀምርም ነግሯችኋል። ጥቁሩን ታንታለም አይቶ ሳይልስ እንደማያልፍም ታውቃላችሁ። እስከዚህ አራታችሁም እኩል ናችሁ።»

«እሺ፣ መርዙን ድንጋዩ ላይ ማን ቀባው?» አለ ቆፋሪው።

«እዚህ አልተቀባም። ቢቀባ ሣጥኑም አቧራውም ይረጥብ ነበር። ሌላ ቦታ ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ ጠዋት መጥቶ ነው የገባው። የነበረው ወጥቶ ይህ ተተካ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ፣ ሳትነኪው እዪው። ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል?»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ድንጋዩ ያው ነው… ጥቁሩም ያው ነው። ግን… አይገጥምም። ስብራቱ በተቃራኒው ነው። እንደ መስታወት ምስል።»

«የአንድ ድንጋይ ሁለት ግማሾች እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው። ቆራጭ፣ ሣጥን ውስጥ የሚቀረው የትኛው እጅ ነው?»

«ሰማያዊው መስመር ያለበት» አለ ቆራጩ። «ሁልጊዜ። መስመሩ በክቡ ሆዱ ላይ ስለሆነ ሲጋደም አይታይም። መስመር የሌለበት ወደ ከረጢት ነው፣ ተፈጭቶ ይቀራል። ይሄን እዚህ የማያውቅ የለም።»

«አንድ ሰው አለ» አለች መርማሪዋ። ጓንት ባጠለቀ እጇ ድንጋዩን ገለበጠችው። ሆዱ ላይ ምንም መስመር አልነበረም። «ይህ ድንጋይ ከብዙ ጊዜ በፊት ዱቄት መሆን ነበረበት። ዱቄት ካልሆነ ላቦራቶሪ አልደረሰም። ላቦራቶሪ የደረሰው ሌላ ነው፤ ከወንዝ ዳር የተለቀመ ባዶ ነጭ ድንጋይ። ላቦራቶሪው አልዋሸም፣ የዚህች ልጅ ዓይንም አልዋሸም። ከረጢቱ ነው የዋሸው። ዱቄት ያልሆነውን ግማሽ የደበቀ ሰው፣ ‹ያው ድንጋይ፣ ያው ጥቁር ጥርስ፣ ማን ይለየዋል?› ብሎ መንትያውን አመጣው። ድንጋይ የሚሰነጥቅም፣ የሚያሰምርም፣ የሚቆፍርም ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ እጁ ሳያስበው ይገለብጣል። አሁን በዓይኔ አየሁት። ያልገለበጠው አንድ እጅ ብቻ ነው።»

የቁልፉ ዘለላ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። ባለቁልፉ ግን ፈገግ አለ።

«እመቤቴ፣ ድንጋይ አላውቅም ብዬ ነግሬዎታለሁ። አለማወቅ ወንጀል ሆነ እንዴ? ከረጢቱን የምታስረው እሷ ናት። ግማሹን ራሷ ደብቃ ቢሆንስ? እኔ ዘንድ ሆኖ ያየ ማን አለ?»

እውነት ነው። አንድ ነገር ይጎድላል። መርማሪዋ አያትን አየቻቸው፤ ልጅቷም አየቻቸው።

አያት ተነሱ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሐምራዊውን ድንጋይ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ልሙጡ ፊቱ ወደ ላይ።

«ከመንገድ አላነሳሁትም» አሉ። «ዋሽቻለሁ። የሰጠኝ እሱ ነው። ባለፈው ከከተማ ሲመለስ፣ ‹ማሙሽ ጥርስ እያወጣ ነው አይደል፣ ይሄን ያኝክ› ብሎ።» ወደ ባለቁልፉ ዞሩ። «እንጀራህን እንዳላሳጣህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ልጄን ልታሳጣኝ ነበር።»

ልጅቷ ድንጋዩን ገለበጠችው። መስመር የለውም። «ይሄ ሚካ ከዚያው ጉድጓድ ነው፤ ከጥቁሩ ቀጥሎ ያለው። በእጄ ነው ከረጢት ውስጥ የከተትሁት» አለች በሹክሹክታ።

«መንገድ ላይ የወደቀ ድንጋይ በአልማዝ መጋዝ አይሰነጠቅም» አለች መርማሪዋ።

የባለቁልፉ ፈገግታ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ለቅጽበት ያ ደጉ ሰው ተመልሶ የመጣ መሰለ። «ሐምራዊ ይወዳል ብዬ ነው…» አለ። «ውብ ስለ ነበር ነው የሰጠሁት። ሌላ ምንም አስቤ አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሰፈሩ ባዶ ነው ተብሎ ቢዘጋ መሬቱ ይለቀቃል፤ ያኔ ፈቃዱን በዘመዱ ስም አውጥቶ ኮረብታውን የራሱ ሊያደርግ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ቤት ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል፤ አንድ በር የኔ ይሁን አለ። አለቃው ሣጥኑን ዳግም ካየ ግን ሁሉም ይገለጣል። የመርማሪዋ ሰዎች ከንብረት ክፍል የተደበቁትን ከረጢቶች እየጎተቱ ሲመጡ፣ ከላይ ሰማያዊ መስመር ያለበት ግማሽ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር፤ ከሣጥኑ የወጣው።

«የት ነበሩ?» አለች መርማሪዋ።

«ከምስጥ መድኃኒቱ በርሜል ጀርባ» አለ ከሰዎቹ አንዱ።

አያት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ገረጣ። ወደ ባለቁልፉ ተጠጉ፤ ዘበኛው ሊያስቆማቸው ሲል መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው።

«ልጄ» አሉት፤ ድሮ እንደሚጠሩት። «ለማሙሽ የሰጠኸኝን ድንጋይ ከዚያ በርሜል አጠገብ ነው ያነሳኸው?»

ባለቁልፉ አፉን ከፈተ፤ አይደለም ሊል ፈልጎ እንደ ነበር ያስታውቃል።

«አላስታውስም፣ እማማ» አለ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ድምፅ የለውም። አያት ቁጣውንም ልቅሶውንም እዚያው ጥለው ወደ ሕፃኑ ሮጡ። ሐኪሙ ማሙሽን ገላልጦ አየው፤ ዓይኑን፣ ምላሱን፣ ልቡን። «ምንም የለውም። ድንጋዩም ይመረመራል፣ ግን ልጁ ደህና ነው» አላቸው። ደግሞ ጠየቁት። ደግሞ መለሰላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ሳቀ።

መርማሪዋ ልትሄድ ስትል አያት የመኪናውን በር ያዙባት። «ልጄ፣ ያ ጉልበትሽ ይታሰርለት፤ ብርድ አይመታው።» ትናንት «የኔ እመቤት» ያሏት ሴት ዛሬ ልጃቸው ሆናለች። «ውሸቴን ታውቂ ነበር፤ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ቀምቼ ብወስደው ድንጋይ ይሆን ነበር፣ እማማ። እርስዎ ሲሰጡኝ ነው ምስክር የሆነው።»

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ወደ ናሙና ቤቷ ተመለሰች። ከረጢቶቹ ተፈትተው፣ ግማሾቹ ከመንትዮቻቸው ጋር እየተጋጠሙ ነው፤ እንደገና ታስረው በሌላ ሰው እጅ ይሄዳሉ። ቆራጩ አለቃው ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ግድግዳው ጥግ አስጠግቶ የሟቹን ባርኔጣ ሰቀለበት። ማንም አይቀመጥበትም።

አያት ቤት ውስጥ ማሙሽን ጭናቸው ላይ አድርገው ገንፎ ሊያበሉት ተሰናዱ። ማንኪያውን ሁለት ጊዜ አጠቡት። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ እጁን ዘረጋ፤ የሚሰጡትን ሁሉ እንደ ልማዱ ያለ ጥያቄ ሊቀበል።

«ቆይ፣ የኔ ጌታ» አሉት። ማንኪያውን አስቀድመው በራሳቸው ምላስ ላሱት፤ ትንሽም ጠበቁ። ከዚያ ነው የሰጡት።